ናዝሬት የተላከው ሸራ

ሰብለወርቅ መኪና መንዳት የተማረችው በአርባ አራት ዓመቷ ነው። ያስተማራት ባሏ ገብረኪዳን ሲሆን፣ ሊያስተምራት የበቃውም ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ከመታው በኋላ ነው። በደህናው ጊዜ ብትለምነው ኖሮ እንኳን መሪ ሊያስይዛት መስተዋቱንም አያስወለውላትም ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ባለተሳቢ የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ከአሥር ጎማ በታች ያለውን ተሽከርካሪ ሁሉ የሚያየው እንደ ልጆች መጫወቻ ነው።

የአሰብ መንገድ ተዘግቶ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ በዞረ በዓመቱ፣ ገብረኪዳን ጅቡቲ ከተማ ካርቲየ አንድ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቶ ሚስቱን አመጣት። «ለአንድ ዓመት ነው» ብሏት ነበር። ዓመቱ አሥራ አራት ሆነ። እሷም እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አልነበረችምና ለሹፌሮች ምሳ ማብሰል ጀመረች፤ መጀመሪያ ለባሏ ጓደኞች፣ ኋላም ለጓደኞቹ ጓደኞች። እሱ ሲወድቅ ቤቱ በእሷ ድስት ላይ ቆመ። ይነዳው የነበረው የጭነት መኪና ባለቤት ለስንብት በሰጠው ገንዘብ ከዱባይ የመጣች አሮጌ ነጭ ስታርሌት መኪና ገዙ፤ አርብ አርብ ማለዳ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ በሚሆንበት ሰዓት፣ ሄሮን በሚባለው ሰፈር ባሕሩ ዳር ባለው ሜዳማ መንገድ ላይ ጎኗ ተቀምጦ አስተማራት። ሲያስተምር ይሳደብ ነበር። በሦስት ወር ውስጥ ሰብለወርቅ ነጂ ሆነች፤ ስድቡም ቀነሰ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ወጡን፣ ሩዙንና ፓስታውን በክዳን ድስት ከኋላ ትጭንና የአምቡሊን ድልድይ ተሻግራ፣ የባልባላን ዳገት ወጥታ ፔካ ዱዝ ትደርሳለች። ፔካ ዱዝ ከከተማው አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ የጭነት መኪኖች ማረፊያ ነው። ወደብ የመግቢያ ተራ የሚጠብቁ ሹፌሮች ከተሳቢያቸው ጥላ ሥር ተኝተው ሁለትና ሦስት ቀን ይውላሉ። እሷ ወደዚያ በነዳች ቁጥር ገብረኪዳን አብሯት ነው። ከዘራውን በግራ እጁ ይዞ ጎኗ ይቀመጣል፤ እዚያ ሲደርሱ ሹፌሮቹ ወንበር አምጥተው ያስቀምጡታል። ምሳቸውን እየበሉ «ጋሽ ገብሬ፣ ማርሼ ሦስተኛ ላይ ይፈናጠራል»፣ «ጋሽ ገብሬ፣ ሞተሬ ዳገት ላይ ጥቁር ይተፋል» ይሉታል። እሱም ይመልሳል። ቤት ውስጥ ሸሚዙን የምትቆልፍለት ሰብለወርቅ ናት፤ ፔካ ዱዝ ላይ ግን ገብረኪዳን ነው ሰው የሚያስነሳና የሚያስቀምጥ። ለዚህ ነው ሰብለወርቅ መንገዱን ብቻዋን መሄድ ብትችልም ያለ እሱ ወደዚያ ነድታ የማታውቀው።

ነገሩ የተነሣው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት፣ ሙቀቱ በረድ ማለት በጀመረበት ወራት ነው። ከፊት ጎማዎቹ በኩል ፍሬን ስትረግጥ ሲጢጥ የሚል ድምፅ መጣ። የጎረቤቷ የሙሚና ወንድም ዓብዱረዛቅ ከቤታቸው ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ጋራዥ አለው፤ ልጅነቱን ድሬዳዋ ስላሳለፈ አማርኛው አይታማም። ጎማውን አውልቆ አየና «ማዳም ሰብለ፣ ፕላኬቱ አልቋል» አላት። ፕላኬት የሚለው ፍሬን ሲረገጥ ዲስኩን ግራና ቀኝ የሚጨብጠውን ቁራጭ ነው። «ዲስኩ ገና ደህና ነው። አሁን ከቀየርሽ ከነእጄ አሥራ ስድስት ሺህ ፍራንክ። ከቆየሽ ግን ዲስኩን ይበላዋል፤ ያኔ ሌላ ዋጋ ነው የምነግርሽ።»

አሥራ ስድስት ሺህ ፍራንክ ሰብለወርቅ ነበራት። ይኼን ልብ በሉልኝ፤ የኋላው መከራ ሁሉ የመጣው ከገንዘብ ማጣት አይደለም። የዚያን ዕለት ከፍላ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። እሷ ግን ባሏን ሳታማክር የመኪና ነገር አድርጋ አታውቅምና «ለገብሬ ልንገረው» ብላ ተመለሰች።

ገብረኪዳን ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሳቁ በአንድ ጎኑ ነው የሚወጣው። «ጥፍር ለሚያህሉ አራት ሸራዎች አሥራ ስድስት ሺህ? ሰውየው ጤና የለውም? ብረቱ እያለ ሸራው ስላለቀ ይጣላል እንዴ?» አለ። ለእሱ የፍሬን ነገር ሁሉ ሸራ ነው። የትልልቆቹ መኪኖች ፍሬን ላይ የሚለጠፈው ሸራ ሲያልቅ ሹፌሮች ብረቱን ፈተው ናዝሬት ይወስዱታል፤ እዚያ አሮጌው ተነሥቶ በዚያው ብረት ላይ አዲስ ሸራ ይመታበታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሲያደርገው የኖረው ይህንኑ ነው፤ አንድም ቀን አላዋረደውም።

«ይቺ ግን ትንሽ መኪና ናት» አለችው ሰብለወርቅ።

«ትንሽ ከሆነችማ ምን ያስጨንቃል?»

በማግስቱ ፔካ ዱዝ ላይ ነገሩን ለጨዋታ አነሣው። የጋራዡን ሰውዬ ዋጋ ሲናገር ሹፌሮቹ በሳቅ ፈረሱ። ከመካከላቸው ይርዳው የሚባለው፣ ሥራ የጀመረው የገብረኪዳን ረዳት ሆኖ ነበርና እንደ አባት የሚያየው ሰው፣ «ጋሽ ገብሬ፣ ነገ ባዶዬን ነው የምወጣው። ፈታችሁ ስጡኝ፤ ናዝሬት አስመትቼ በሳምንቴ አመጣዋለሁ። ከእትዬ ሰብለ ሳንቲም አልቀበልም» አለ። በሃያ ሹፌር ፊት የተባለ ነገር ተባለ ማለት ነው። ሰብለወርቅ ጭልፋዋን እንደያዘች ቆማ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ምን ልትል ትችል ነበር? ባሌን አላምነውም፣ አንተንም አላምንህም፣ የማምነው የሙሚናን ወንድም ነው ትበል?

ስታርሌቷ የፊት ጎማዎቿ ወልቀው በጡብ ላይ እንደተቀመጠች ዘጠኝ ቀን አለፈ። ሰብለወርቅ ምሳውን በታክሲ አመላለሰች፤ ትርፏን ታክሲው በላው። በዘጠነኛው ቀን ይርዳው በጋዜጣ የተጠቀለሉትን ቁርጥራጮች ይዞ መጣ። ሸራው ወፍራምና ንጹሕ ነበር፤ ላየው ሰው ከአዲስ አይለይም። ገብረኪዳን ደጁ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ፤ እሱ እየነገራት፣ እሷ ቀሚሷን ሰብስባ መሬት ላይ ተንበርክካ በገዛ እጇ ገጠመችው። «ወደ ውስጥ... አይ፣ ገልብጪው... እንዲያ! አሁን ብሎኑን አጥብቂ።» ሲጨርሱ ላቡን ጠርጎ «አየሽ? አሥራ ስድስት ሺህ ተረፈ» አላት። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። እሷም ደስ አላት፤ እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት ልቧ በኩራት ሞልቶ ነበር።

ደስታው የቆየው እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ ነው። ፍሬን ረገጠች፤ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ደረቀባት። መኪናዋ ጮኸች፣ ዘገየች፣ ግን እንደሚገባ አልቆመችም። ናዝሬት ያለው ሰው የለጠፈው የሚያውቀውን ሸራ ነው፤ አርባ ቶን ለሚጎትት መኪና የተሠራ፣ ካልጋለ የማይዝ፣ ከብረት ያላነሰ ደረቅ ሸራ። እሷ ይህን በወቅቱ አላወቀችም። ያወቀችው እግሯ ሥር ያለው ነገር እንደማይታመን ብቻ ነው።

«ጮኸሳ?» አለች።

«አዲስ ነው። እስኪላመድ ነው» አለ ገብረኪዳን፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ። «አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ስትነጂ ዝም ይላል።»

ሰብለወርቅ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ማየት ጀመረች። ደርሶ መልሱ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ ሃያ ቀን። ሃያውን ቀን ኖረችው ከማለት ተንጠልጥላ አለፈችው ማለት ይቀላል። ከፊቷ ያለውን መኪና እንዳትጠጋ ራቅ ብላ ስትነዳ ታክሲዎች በመሐል ይገቡባታል። ልጆች ከትምህርት ቤት የሚወጡበትን ሰዓት አጥንታ አሥር ደቂቃ ቀድማ ታልፋለች። ፍየል ባየች ቁጥር እግሯ ሳታዘው ይረግጣል። ከሁሉ የከፋው መልስ ላይ ያለው ነው፤ ከባልባላ ወደ አምቡሊ የሚወርደው ቁልቁለት። እዚያ ሲደርሱ ወሬዋን ታቋርጣለች፤ ገብረኪዳንም ያቋርጣል። እሷ የእሱን ዝምታ እንደ መተማመን ቆጠረችው። ይኼ ሰው ስንቱን ገደል የወረደ ነው፣ ይቺ ለእሱ ምኑ ናት እያለች ራሷን ትዘልፍ ነበር። መዝለፉ ግን ፍርሃቱን አላስለቀቃትም።

አምስት መቶው ኪሎ ሜትር ሞላ። ድምፁ ዝም አላለም፤ ባሰበት። ጠዋት ጠዋት ውሃ ልትደፋ የወጣች መስላ በጎማው ቸርኬ ቀዳዳ አጎንብሳ ዲስኩን ታየዋለች። እንደ ታረሰ ማሳ ተልሞ ነበር። ጣቷን አስገብታ ትልሙን ዳሰሰችውና እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ገባች። ለገብረኪዳን ቁርሱን ስታቀርብለት ሻዩን ደፋችው። «ምነው?» ቢላት «ምንም፣ ሙቀቱ ነው» አለች።

አንድ ቀን ዓብዱረዛቅ ከጋራዡ ደጅ ሆኖ አስቆማት። ገብረኪዳን አብሯት አልነበረም። «ማዳም ሰብለ፣ ይቺ መኪና በዚህ ስታልፍ ጋራዥ ውስጥ ሆኜ እሰማታለሁ። ምን አደረጋችኋት?»

«እስኪላመድ ነው» አለች፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የባሏን ድምፅ ሰማችበት።

«ወላሂ፣ የምን መላመድ ነው? ዲስኩን እየላጠው ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። የሰውን ቤት ገመና መንካቱ እንደሆነ ገብቶታል። «ሽማግሌው እንዲያውቅ ካልፈለግሽ አልነግረውም። እሱ በሌለበት ሰዓት አምጪልኝ። ከሰባት ሰዓት በፊት ግን ይሁን፤ ጫት ከገባ በኋላ በዚህ ከተማ ብሎን የሚፈታልሽ አታገኚም።»

ሰብለወርቅ ሁለት ቀን አሰበችበት። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ባሏን አታልላ አታውቅም ብል ያጋነንኩ ይሆናል፤ በመኪና ነገር ግን አታልላው አታውቅም። በመጨረሻ ሐሙስን መረጠች። ሐሙስ ጠዋት ገብረኪዳን ለእግሩ የእንቅስቃሴ ሕክምና ሆስፒታል ይሄዳል፤ አንድ ሰዓት ተኩል ይቆያል። በዚያ ውስጥ ሸራው ይቀየራል፣ ድምፁ ይጠፋል፣ ገብረኪዳንም «አላልኩሽም? ተላመደ» ይላል። ይህን ሲላት ምን ዓይነት ፊት እንደምታሳየው ሁሉ አስባ ነበር። አሥራ ስድስት ሺሁን በመሐረቧ ቋጠረች።

ዓብዱረዛቅ ጎማውን አወለቀና ጠጋ ብሎ አየ። ከዚያ «ነይ እዪ» አላት። ዲስኩ ጠርዙ ላይ እንደ ቢላ ሾሎ፣ መሐሉ ሳስቶ ነበር። «ፕላኬት ብቻ አይበቃውም። ሁለቱም ዲስክ ይቀየራል። ከነሥራው አርባ ሦስት ሺህ። ዲስኩ ደግሞ ከተማ ውስጥ የለም፤ ከዱባይ በሚመጣው ዕቃ ላይ ላስጨምርልሽ እችላለሁ፤ ስድስት ቀን።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ ትቁም። በዚህ ባልባላ እንዳትወጪ። መውጣቱን ትወጪ ይሆናል፤ መውረዱን ነው የምልሽ።»

ሰዓቷን አየች። ገብረኪዳን ሊወጣ አሥራ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ሃምሳ ሰው የሚበላው ምሳ እሳት ላይ ጥላ መጥታለች። «ጎማውን መልሰህ ግጠምልኝ» አለችው። ዓብዱረዛቅ አያት፤ አልፈለገም፤ ግን ገጠመው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ትፈራ የነበረው ያላወቀችውን ነገር ነው። ከዚያች ሰዓት በኋላ አውቃ ነው የነዳችው።

ቁርጥ ውሳኔዋ በመንገድ ላይ ልትነግረው ነበር። ከሆስፒታል ስታስገባው «ገብሬ» አለችው፤ «እ» አላት፤ «ምንም» አለች። ድስቶቹን ሲጭኑ ልትነግረው አሰበች፤ ያኔ እሱ ነርሷ እግሩን እንዳመሰገነችለት እያወራ ነበር። አምቡሊ ድልድይ ላይ ልትነግረው አሰበች። ፔካ ዱዝ ሲደርሱ ደግሞ ሹፌሮቹ ከበቡት፤ አንዱ አዲስ ልጅ የአየር ፍሬኑ እንደሚያፈስ ነግሮት ገብረኪዳን በከዘራው መሬት ላይ ሥዕል እየሣለ ያስረዳው ጀመር። ልጁ ወረቀት አውጥቶ ይጽፋል። ሰብለወርቅ ወጡን እያወጣች ትመለከታቸው ነበር። አሁን ከዚህ መካከል ጠርቼው፣ ያሠራኸው ፍሬን ሊገድለን ነው ልበለው? ጭልፋው ከእጇ ወድቆ አሸዋ ነካ።

መልስ ላይ ገና ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሁለተኛ ማርሽ አስገባች። መኪናዋ እያጓራች ወረደች። ሰማዩ ነጭ ነው፤ ከታች የአምቡሊ ቤቶችና ዛፎች፣ ከነሱ ወዲያ ባሕሩ ይታያል። ግማሹን ጨርሰው ልቧ መለስ ማለት ሲጀምር፣ ከፊቷ የነበረው ሚኒባስ ያለ ምልክት፣ ያለ ምንም፣ መንገዱ መሐል ቆመ። እዚህ አገር ሚኒባስ የሚቆመው ሰው ወራጅ ባለበት ነው። በሩ ተከፈተና አንዲት ሴት የሽንኩርት ጆንያ አቅፋ ወደ መንገዱ መውረድ ጀመረች።

ሰብለወርቅ ረገጠች። ብረቱ ጮኸ፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተ፤ መኪናዋ ግን ሄደች። እንደገና ረገጠች፤ በሁለት እግሯ ረገጠች። ሴትየዋ እየቀረበች መጣች፤ የሻሿን አበባ ሁሉ አየችው። በዚያች ቅጽበት የገብረኪዳን ግራ እጅ የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳበው። «ወደ ጠጠሩ!» አላት። መሪውን አጠፈችው። የኋላ ጎማዎቹ ታሰሩ፣ መኪናዋ ጭራዋን አወዛወዘች፣ ከአስፋልቱ ወጥታ ጠጠሩ ውስጥ እየተንሸራተተች ከሚኒባሱ ጎን አንድ ክንድ ርቃ ቆመች። ከኋላ ድስቶቹ ተገለበጡ። ሴትየዋ አቧራውን በእጇ እያራገበች ዞር ብላ አየቻቸው፤ ከዚያም ጆንያዋን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ሄደች። ሚኒባሱም ሄደ። ምን እንዳለፋቸው አንዳቸውም አላወቁም።

ሰብለወርቅ መሪውን አልለቀቀችም። ገብረኪዳንም የእጅ ፍሬኑን አልለቀቀም።

«ዛሬ ጠዋት ዓብዱረዛቅ ጋ ሄደሽ ነበር» አላት።

አልካደችም። «በምን አወቅክ?»

«ቸርኬው ላይ በግራሶ የታተመ ጣት አለ። ያንቺ ጣት እንዲያ አይወፍርም። ስንት አለሽ?»

«አርባ ሦስት ሺህ። ዲስኩ አልቋል።»

ራሱን ነቀነቀ፤ በዋጋው ላይ አንድ ቃል አልወጣውም። ለሁለት ሎሚ ሩብ ሰዓት የሚከራከር ሰው ነው፤ ሳይከራከር መቅረቱ ሰብለወርቅን ከቁልቁለቱ ይልቅ አስፈራት።

«ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ» አለ። «የገጠምሽው ዕለት፣ መታጠፊያው ላይ። ሽታው የትልቅ መኪና ሽታ ነው። እንደማይሆን ያን ጊዜውኑ አወቅሁ።»

«ታዲያ ለምን እስኪላመድ ነው አልከኝ?»

«ካልኩሽ በኋላ እንዴት ልመልሰው? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስቄበት፣ ይርዳውን ልኬ፣ አንቺን መሬት ላይ አንበርክኬ...» ድምፁ ተሰበረ። «ሰብሌ፣ እጄ ሄደ፣ እግሬ ሄደ። ከማወቄ በቀር ምን ቀረኝ? አለማወቄን ከምነግርሽ...» አልጨረሰውም። ከዚያ ዞሮ አያት። «አንቺስ? አንቺ ለምን ዝም አልሽ?»

«ይህንኑ ፈርቼ» አለች።

አንድ ወር ሙሉ ሁለት ሰዎች አንድ መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱ ላለማፈር፣ አንዷ ላለማሳፈር ሲሉ ሁለቱም ሊሞቱ ነበር። ሰብለወርቅ ይህን ስታስበው መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ጠጠሩ ላይ እንደቆሙ፣ የፈሰሰው ወጥ ከኋላ እየሸተታቸው። ገብረኪዳን አላባበላትም። ግራ እጁን ከእጅ ፍሬኑ አንሥቶ ጭኗ ላይ አሳረፈው።

ስልክ ስትደውልለት ዓብዱረዛቅ መጥቶ፣ ገብረኪዳን በእጅ ፍሬኑ እየያዘ፣ በገመድ አወረዳቸው፤ የጫት ሰዓቱ ቢያልፍበትም አልተነጫነጨም። ዲስኩ በስድስተኛው ቀን መጣ፤ እስከዚያ ሰብለወርቅ ብቻዋን በታክሲ ተመላለሰች። ሰብለወርቅ ከአርባ ሦስቱ ላይ ሁለት ሺህ አስቀነሰች፤ ገብረኪዳን ደጅ ተቀምጦ መንገደኛ ያይ ነበር። ዓብዱረዛቅ አሮጌውን ዲስክ አምጥቶ ሲያሳየው በጤነኛ እጁ ተቀብሎ ትልሙን በአውራ ጣቱ ዳበሰና «ልክ ነህ» አለው።

በሰባተኛው ቀን ፔካ ዱዝ ሲደርሱ ይርዳው ከድንበሩ ከጋላፊ ገብቶ ነበር። ወንበሩን አመጣና «እህ፣ ጋሽ ገብሬ፣ ያ የናዝሬት ሸራ እንዴት ሆነ?» አለ፤ በቤተሰቡ ፊት እንዳመሰገኑት ልጅ ፊቱ በርቶ። ሹፌሮቹ ሳህናቸውን እንደያዙ ዞሩ። ሰብለወርቅ ቀድማ «ደህና ነው፣ እግዜር ይስጥልን» አለች። ይህን ውሸት መንገዱን ሙሉ ስታዘጋጀው ነበር።

«ደህና አይደለም» አለ ገብረኪዳን።

ሁሉንም ነገራቸው። በአሥራ ስድስት ሺህ የሚያልቀውን በአርባ አንድ ሺህ እንዳስጨረሰው፣ ለትንሽ መኪና የትልቅ መኪና ሸራ እንዳስለጠፈ፣ እንደማይሆን አውቆ ዝም እንዳለ፣ ቁልቁለቱን፣ ሚኒባሱን፣ ባለሽንኩርቷን። «ሰብሌን ልገድላት ነበር» አለ። ይርዳው ምግቡን አስቀምጦ «ጋሽ ገብሬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኔ ነኝ ያስመታሁት» ማለት ሲጀምር «አንተ የላክሁህን ነው ያመጣኸው» ብሎ አስቆመው። ያን ቀን ስለ ማርሹም ሆነ ስለ ሞተሩ የጠየቀው ሰው የለም። የአየር ፍሬኑ የሚያፈሰው ልጅ ቀና ብሎ አየውና መልሶ አቀረቀረ። ሰብለወርቅ ሳህኖቹን ሰበሰበች።

ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ቁልቁለቱ አናት ላይ ሲደርሱ፣ ገብረኪዳን «ከነገ ጀምሮ ቤት እቀራለሁ» አላት። «አንቺ መንገዱን ለምደሽዋል። እኔ ሙቀቱም አይስማማኝም።»

ሰብለወርቅ ፍሬን ረገጠች። መኪናዋ ያለ ድምፅ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ከኋላቸው የነበረው ባለተሳቢ እየተንፏቀቀ ቆመና ጡሩምባውን አንባረቀው።

«ፍሬን በሌለው መኪና አብረኸኝ ወርደህ አዳንከኝ» አለችው። «አሁን ፍሬን ሲኖረው ልትወርድብኝ ነው?»

ባለተሳቢው ደግሞ ነፋ።

«ካልመለስክልኝ አልነቃነቅም። ይንፋ።»

«ተይ ሰብሌ፣ ሰውየው ጭኗል፤ ቁልቁለት ላይ አይቆምም።»

«እንግዲያው ንገረኝ። ነገ ትመጣለህ አትመጣም?»

ገብረኪዳን በመስተዋቱ የባለተሳቢውን አፍንጫ አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። ከንፈሩ በአንድ ጎኑ ተንቀሳቀሰ። «ነገ ምሳውን በሰዓቱ ጫኚ» አላት። «ትናንት በታክሲ ስትሄጂ አርፍደሽባቸዋል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ማርሽ አስገባች።

«በሁለተኛ ውረጂ» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ» አለ ገብረኪዳን። «እኔም ልበለው ብዬ ነው።»